ማርሚታ፦ ከወታደር ድስት እስከ ወይጦ ሞተር

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከወይጦ መልእክት ላከልኝ። «ቲቸር፣ የሞተሬን ማርሚታ አውጥቼ ስፖርት የሚሉትን ቤቴ ራሴ ልገጥም ነው። እርስዎ ሁሉም ነገር ታሪክ አለው ይሉን ነበር። ማርሚታም ታሪክ አለው?» ይላል።

አለው እንጂ! ለእሱ ብቻ ከምመልስ ሁላችሁም እንድታነቡት እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከስሙ እንነሳ። ማርሚታ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች ለብዙ ሰው የሚበሰልበትን ትልቅ ድስት፣ የወታደር ቤት ድስት በሉት፣ ማርሚታ ይሉታል። የመኪናውን ድምፅ ማፈኛም በዚያው ቃል ይጠሩታል። ቅርጹን ላየ ሰው አይገርምም፤ አፉ ተበይዶ የተዘጋ ድስት ነው የሚመስለው።

ቃሉ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ጂንካም ሆነ አርባ ምንጭ አንድ ጋራዥ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉና ጆሯችሁን ስጡ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። የሚናገራቸው ወጣት ግን አንድም ጣሊያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

መኪና ወደ አገራችን የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረውበታል። መኪና የብዙ ሰው እንጀራ የሆነው ግን ኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ጦር መንገድ እየጠረገ የጭነት መኪናውን በገፍ አስገባ። ከድሉ በኋላ ንጉሡ ጥቂት የማይባሉ ጣሊያን ባለሙያዎች በአገሪቱ እንዲቆዩ ፈቀዱ። ጋራዥ ከፈቱ፣ የኛን ልጆች ረዳት አድርገው ቀጠሩ። ረዳቱ የተማረው ቁልፍ እያቀበለ ነው፤ መጽሐፍ የለ፣ ሰርተፊኬት የለ። የዕቃውን ስም በሰማው መንገድ ያዘና ለራሱ ረዳት አስተላለፈ። የትላልቆቹ የፊያት መኪኖች ዘመን ሲመጣ፣ እነዚያ ሹፌሮች «ኤንትሬ» የሚሏቸው፣ ሙያው ሙሉ በሙሉ የኛ ሰው ሙያ ሆኖ ነበር። ጽሑፍ የሌለው ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ ዕቃው ራሱ እንምጣ። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ በነደደ ቁጥር ግፊት ያለው ትኩስ ጋዝ በቫልቩ በኩል ይፈነዳል። በደቂቃ ውስጥ ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ማርሚታው ውስጥ ክፍሎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉ። የድምፁ ሞገድ እዚያ ውስጥ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይዳከማል። ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 ለእንዲህ ያለ ማፈኛ የፈጠራ መብት ወስደዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የአባትና የልጅ ታሪክ አለ። ሂራም ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው። ለዓመታት የራሱን መሣሪያ ሲተኩስ ኖሮ ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት አገኘበት። የልጁ ኩባንያ ኋላ ለሞተሮችም ማፈኛ ያመርት ነበር። አባት ያጮኸውን ልጅ ዝም አሰኘ ማለት ነው።

«ድምፁ ሲጨምር ጉልበቱም ይጨምራል» የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እስቲ በያማሃ ዲቲ እንየው። የወረዳ ባለሙያዎች የሚነዱትን ዲቲ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎቹ ባለሁለት ምት ናቸው፤ ቤንዚንና ዘይት አብረው የሚያነድዱት፣ ጭሳቸው ሰማያዊ የሚለው። በእነዚህ ሞተሮች ከሲሊንደሩ ወጥቶ መሐሉ ላይ የሚያብጠው ቱቦ ለጌጥ አልተሠራም። ሳይነድ ሊያመልጥ የነበረውን ነዳጅ የድምፁ ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ይህን ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ኤምዜድ በሚባለው ፋብሪካ አጥንቶ ያሻሻለው ቫልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርንስት ዴግነር ስዊድን ላይ ለውድድር እንደሄደ ከዳ፤ ምስጢሩንም ይዞ ጃፓን ለሱዙኪ ሠራ። በዓመቱ ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ነጂውም ራሱ ዴግነር ነበር። ሰው አገሩን ጥሎ የኮበለለበትን ቱቦ እኛ በመጋዝ ቆርጠን እንጥለዋለን! የባለሁለት ምት ማርሚታ የቆረጠ ሰው ጉልበቱን ነው የቆረጠው።

ዛሬ ጂንካን የሞሏት ቦክሰርና ቲቪኤስ ባለአራት ምት ናቸው፤ የእነሱ ነገር ለየት ይላል። ቢሆንም ካርቡሬተራቸው የተስተካከለው አብሯቸው ለመጣው ማርሚታ ነው። ማርሚታውን ለውጣችሁ ካርቡሬተሩን ካልነካችሁት ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ሊያንስ፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። የምታተርፉት በብዛት ጩኸት ነው።

ጩኸቱን ደግሞ የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። ነጂው ድምፁን ከኋላው ጥሎ ይሄዳል። ወይጦን የምታውቁ አስቡት። ከኮንሶ ወርዳችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀይ አፈርና ጂንካ፣ ሌላው ወደ አርቦሬና ቱርሚ። አስፋልቱ ላይ የጸማይ እረኛ ፍየሎቹን ይዞ ይሻገራል። ማርሚታ የሌለው ሞተር ሳይክል ድንገት ሲያጓራ ፍየሎቹ የሚበተኑት ወደ ዳር ብቻ አይደለም፣ ወደ መንገዱ መሐልም ነው። ከኋላ አይሱዙ እየመጣ ከሆነ ቀሪውን አልነግራችሁም። ሌሊት ደግሞ የታመመም፣ ሕፃን ያስተኛችም እናት አለች። ሕጉም ቢሆን ይህን ያውቃል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከጭስ ጋር ለድምፅም መለኪያ እንዲወጣ ያዛል።

እንግዲህ ተማሪዬ «ራሴ ልገጥም ነው» ስላለኝ ይህን ልበለው። ልጄ፣ ሥራውን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጀምር። ከሞተር ሳይክል ሲወርድ ባቱን ቱቦው ያልጠበሰው ሰው በሰፈርህ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሙቀት መከላከያ ላሜራውን መልሰህ እሰረው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን አዲስ አድርግ፣ የድሮው ያስተነፍሳል። ቡሎኖቹን አንዴ አስነስተህ ካሞቅኸውና ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። የምትገዛው ማርሚታ ውስጡ ማፈኛ ያለው ይሁን፤ ባዶ ቱቦ ማርሚታ አይባልም። በበጋ ደረቅ ሣር ላይ የጋለ ሞተር ሳይክል አታቁም፣ እሳት ይነሣል።

ከሁሉ በላይ ቤት ውስጥ ዘግተህ ሞተር አታስነሳ። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ያደረ ቤተሰብ ሳይነቃ ቀረ ሲባል ሰምተሃል አይደል? ያው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታም ቀለምም የለውም። ማርሚታ ድምፅ ያፍናል እንጂ መርዝ አያጣራም።

መርዙን የሚቀንሰው ካታሊስት የሚባለው ሌላ ዕቃ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1975 ሞዴል ጀምሮ በመኪኖች ላይ ተስፋፋ። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ግን ካታሊስትን ይገድላል። የአፍሪካ አገሮች ዳካር ላይ ተሰብስበው ያን ቤንዚን ለመተው የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ስታቆም ከዓለም የመኪና ማደያዎች ጠፋ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆቼ፣ ከቪትዛችሁ ሥር ካታሊስቱን «ድምፅ ያምራል» ብላችሁ ስታስወጡ የምታወጡት የሌላውን ሰው ሳንባ ጠባቂ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ማርሚታ የለውም፣ ካንዴላም የለውም። ዕቃው ሲጠፋ ቃሉም አብሮት መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ጋራዥ ያደጋችሁ፣ አባታችሁ ሹፌር የነበረ፣ የምታውቁትን የጋራዥ ቃል ከነትርጉሙ ከታች ጻፉልኝ። እየሰበሰብኩ ነው። የወይጦው ልጅ ደግሞ ገጥሞ ሲጨርስ ድምፁን ቀርጾ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።