ቀበሌ አከራይ የሆነበት ሐምሌ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ሃምሳ ዓመቱን ደፍኗል። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት በመጣ ቁጥር ይወሳል። ተማሪው በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቶለታልና ጀግኖችም ትዝታም አለው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌው አዋጅ ግን እንዲህ ያለ መፈክር አልቀደመውም። ለበዓልም አይመችም መሰለኝ፤ ግማሹ ቤተሰብ የተወረሰ ቤቱን፣ ግማሹ ያገኘውን ቤት ያስታውስበታል። ሆኖም ዛሬ በወለጋ፣ ነቀምቴ ወይም ጊምቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ጉቴ ላይ ቦታ ለመመራት ማመልከቻ ያስገባ፣ ደምቢዶሎ ላይ ለሊዝ ጨረታ ሰነድ የሚገዛ ሁሉ ከዚያ አዋጅ ጥላ አልወጣም።

የነቀምቴ መነሻ የታወቀ ነው። የአካባቢው ገዢ ሞሮዳ በከሬ፣ ከእሱም በኋላ ልጁ ኩምሳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ግቢያቸውን ተከሉ፤ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ተከተሉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኦነሲሞስ ነሲብ መጥቶ የሚሲዮኑ ትምህርት ተጨመረ። ጣልያን በ1929 ገባ፣ ወጣ። ከግቢው ውጭ ያለው ከተማ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች ያደገው በኪራይ ነው። ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ይቀጥላል፤ አስተማሪው፣ ፖሊሱና ነርሷ ይከራዩታል። ጭቃው ሲደርቅ ሌላ ክፍል ይጨመራል። ቤት የሚሠራው አከራዩ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግብር ይሰበስባል።

የ1967ቱ ሐምሌ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። በአዋጁ መሠረት አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ሌላው ትርፍ ነው፣ ይወረሳል። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ቤት መሥራት የሚፈልግ እስከ 500 ካሬ ሜትር ድረስ ያለ ክፍያ ሊመራ ይችላል። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛው በግማሽ፣ ከፍ እያለ ሲሄድ ቅናሹ እያነሰ እስከ 15 በመቶ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ከዚያ በላይ ያለውን መንግሥት ራሱ ያስተዳድራል። ከኪራይ በቀር መተዳደሪያ ለሌለው የቀድሞ ባለቤት በወር እስከ 250 ብር መደጎሚያ ተፈቀደ።

ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። አንዱ ወገን አዋጁን የፍትሕ ሥራ ይለዋል። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት መኳንንትና ባለ ሀብት ሰፊ ቦታ ይዘው ነበር፤ ተከራዩ በደመወዙ አጋማሽ ጣሪያ ይገዛ ነበር፤ አዋጁ ከዚህ ገላገለው። ሌላው ወገን የቤት እጥረት የሚባለው ነገር በዚያ ቀን ተወለደ ይላል። የሚከራይ ቤት መሥራት ወንጀል ከሆነ በኋላ ማን ይሠራል? ሁለቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። የመጀመሪያው የሚዘነጋው በክፍለ ሀገር ከተሞች ትርፍ ቤት ሲባል ብዙ ጊዜ ሕንፃ ሳይሆን የጭቃ ክፍል እንደነበረ ነው፤ ባለቤቷም ጠላ ጠምቃ ያጠራቀመች ባልቴት ልትሆን ትችላለች። የ250 ብሩ አንቀጽ ራሱ የሚመሰክረው ይህንን ነው፤ ለራስና ለደጃዝማች የተጻፈ አይመስልም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እጥረቱ ከ1967 በፊትም እንደነበረ ይረሳል።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉት አንቀጽ አለ። ዛሬ ቀበሌ የምንለው አካል የተወለደው በዚህ አዋጅ ነው። «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ተብሎ ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ ኪራይ መሰብሰብ፣ ቤት ማስተዳደር፣ ከኪራዩ ገቢ በሠፈሩ ትንንሽ ልማት መሥራት፣ በቦታና በቤት ክርክር መዳኘት ነበር። ማለትም በአንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ አከራይ፣ ልማት ሠሪና ዳኛ ተቀመጡ። በ1969 ሌላ አዋጅ፣ ቁጥር 104፣ ሥልጣኑን አሰፋለት። ከዚያ ወዲያ የሆነው በየቤቱ የሚታወቅ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ የታጠቀ፣ እስር ቤት ያለው አካል ሆነ። የቤት ቁልፍህን የያዘው አካል የራሽን ስኳርህንም፣ መታወቂያህንም፣ ነፍስህንም ያዘ። ደርግ ይህን ሁሉ በሐምሌ 1967 አስቦት ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ነገር ግን ከተማን ለመቆጣጠር ቤትን ከመያዝ የተሻለ መንገድ እንደሌለ የገባቸው ሰዎች አዋጁን ሲጽፉ በክፍሉ ነበሩ። ስለ አከራይና ተከራይ የሚናገረው ክፍል ከተረሳ በኋላም ይህኛው ክፍል ሥራውን ቀጠለ።

እጥረቱን በተመለከተ አዋጁን የምወቅሰው በመውረሱ ሳይሆን ከወረሰ በኋላ ባልሠራው ነው። መንግሥት ብቸኛው ቦታ ሰጪ ሲሆን ቦታ የማዘጋጀት ግዴታም አብሮ ይወድቅበታል፤ መንገድ መቀየስ፣ ቦታ መሸንሸን፣ ውኃና መብራት መዘርጋት። በደርግ ዘመን አብዛኞቹ የአገሪቱ ከተሞች ፕላን አልነበራቸውም። ብሔራዊ የከተሞች ፕላን ኢንስቲትዩት እንኳ የተቋቋመው አዋጁ ከወጣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። 500 ካሬ በወረቀት ላይ ተፈቅዷል፤ ችካል የሚተክል ቀያሽ ግን የለም።

በወለጋ ይህ ነገር ይበልጥ ያስገርማል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያው መንግሥት ገበሬውን ከየኮረብታው እያነሣ በመንደር ምስረታ ሰብስቦታል፤ በገመድና በችካል ቀጥ ያለ መስመር እየተሰመረ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 1,000 ካሬ ሜትር ግቢ እንዲለካ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ፕላን ባልጠየቀ ገበሬ ላይ ፕላን ተጫነ፤ ፕላን የሚጠብቀው የከተማ ነዋሪ ግን ወረፋ ላይ ቀረ።

የቀረውን ዘመን አጠር ላድርገው። በ1968 የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ በማኅበር ለተደራጁ ርካሽ ብድር ሰጠ፤ ተጠቃሚው ደመወዝተኛው ነበር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ባለበት ቆመ፤ ዛሬ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማያክል የወር ኪራይ አለ። በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ አይቀየርም፣ ሽንት ቤት አይቆፈርም። ነዋሪውም የራሱ ላልሆነ ቤት ሲሚንቶ አያወጣም። የ1986ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ፤ ቦታ በነፃ መምራት ቀስ በቀስ በጨረታ ተተካ። የገንዘብ አቅም የሌለው የከተማ ዳር ላይ ከገበሬ በስምምነት እየገዛ የጨረቃ ቤት ሠራ።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም። አዲስ አበባ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ ተሞከረ፣ ሰፋ፣ ወደ ክልል ከተሞችም ወረደ። በ2002 ገደማ ከመዲናዋ ውጭ እንዲቆም ተደረገ፤ ቅድሚያ ክፍያው ለትንንሽ ከተማ ነዋሪ ከበደ፤ ጓሮ፣ ማድቤትና በግ ማሠሪያ የለመደ ቤተሰብም አራተኛ ፎቅን አልወደደም። አዲስ አበባ ላይ ግን በ2005 በተደረገው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ። መዲናዋ ስትለጠጥ ደግሞ ፕላን ራሱ ፖለቲካ ሆነ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ያካተተው ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሣ፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከወጡት መካከል ነበሩ። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። ያንን ፕላን ያወጡት ባለሙያዎች ስለ ባቡር መስመርና ስለ አረንጓዴ ቦታ ሲያስረዱ ገበሬው የሚጠይቀው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ከመሬቱ ሲነሣ የት ይገባል?

ነቀምቴ ላይ ደግሞ ፕላን ያላሰበው ሕዝብ መጣ። ከመስከረም 2011 ጀምሮ ከአጎራባቹ ካማሺ ዞን በግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወለጋ ገቡ፤ ብዙዎቹ ነቀምቴና አካባቢዋ ተጠለሉ። ገንዘብ ያለው ክፍል ተከራየ፣ የሌለው በመጠለያ ቆየ።

የተከራዩ ጉዳይ ወደ ሕግም ተመለሰ፤ መጋቢት 2016 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሆናል፣ ጭማሪው በተቆጣጣሪው አካል ይወሰናል፣ ውሉም ይመዘገባል። ከ1967ቱ በእጅጉ ይለያል፤ አይወርስም፣ አከራይ መሆንንም አይከለክልም፤ ዋጋውን በመያዙ ግን ይመስለዋል። ለአሁኑ ተከራይ ፋታ ይሰጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ተጨማሪ ክፍል የሚመጣው ግን አሁንም ከተሸነሸነ ቦታ ነው፤ ጉቴ ከነቀምቴ በቅርብ ርቀት ላይ ያለች የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናትና ነቀምቴ የጠበበው ሁሉ ዓይኑን ወደ እሷ ይጥላል። የጨረቃ ቤቱ ሳይቀድም መንገድ ቀይሶ ቦታ ለማከፋፈል ጉቴ ላይ ገና ጊዜ አለ፤ ነቀምቴ ላይ አልፏል።