የልጅ ቋጠሮ



ባለፈው የዝናብ ወራት ጎርፉ በሌሊት በመጣብን ጊዜ፣ አራት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ከቤተሰቡ ተለይቶ እኛ ሰፈር አደረ። «ስምህ ማነው?» ብንለው «አቡሽ» አለን። «የእናትህስ?» ብንለው «እማዬ» አለ። ቤቱንም «እዚያ ጋ» ብሎ በጣቱ አሳየን። በዚህ መጠለያ ስንት አቡሽ፣ ስንት እማዬ አለ! እናቱ እስክትገኝ ሁለት ቀን አለፈ። ልጁ ግማሽ ዳቦ በጨርቅ ተቋጥሮለት ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር ነገር ግን ከቋጠሮው ውስጥ አልተገኘም። ይህ ነገር ሌሎች ሕዝቦች በክፉ ቀን ለልጆቻቸው ምን ይቋጥሩ እንደነበር እንድንመረምር አነሣሣን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የልጆችን ሽሽት አስቀድመው በዝርዝር ካሰናዱት መንግሥታት አንዱ የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ቀን፣ ይኸውም ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ልጆችን ከለንደንና ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ማሸሽ ተጀመረ። በሦስት ቀን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ከ800,000 የሚበልጡት ከመምህሮቻቸው ጋር የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ለወላጆች የተሰጠው ዝርዝር እንዲህ ይል ነበር፦ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ የሌሊት ልብስ፣ ካልሲ፣ ቅያሪ ጫማ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መሐረብ፣ ካፖርትና የአንድ ቀን ስንቅ። ጭንብሉ ለምን እንዳስፈለገ አያቶቻችን ይረዱታል። በ1935 እና በ1936 የኢጣልያ አይሮፕላን መርዝ ሲረጭባቸው ለልጆቻቸው የሚያለብሱት ጭንብል አልነበራቸውም።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ጋር ሁለት ርካሽ ነገሮች አብረው ሄዱ። አንደኛው ስምና ትምህርት ቤት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው፤ በልጁ ካፖርት ላይ ይታሰር ነበር። ሁለተኛው ቴምብር የተለጠፈበት ፖስት ካርድ ነው። ወላጆች ልጃቸው የት እንደሚደርስ አያውቁም ነበርና፣ ልጁ ከደረሰ በኋላ አዲሱን አድራሻውን ጽፎ ወደ ቤት ይልከው ነበር።

ሥራው ጉድለት አልታጣበትም። ብዙ ድኻ ቤተሰብ ካፖርቱንና ጫማውን ማሟላት አልቻለም። ቦምቡም ወዲያው ስላልወደቀ፣ እስከ ጃንዋሪ 1940 ድረስ ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ወደ ከተማ ተመልሰው ነበር። ለንደን ሌሊት ከሌሊት መደብደብ የጀመረችው ግን በሴፕቴምበር 1940 ነው። አደጋው ዘገየ ማለት ቀረ ማለት አልነበረም፤ ቋጠሮው እንደገና ታሰረ።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ደግሞ ቋጠሮ የሚያስርላቸው ያጡ ልጆች እናገኛለን። ከ1987 ጀምሮ፣ በሱዳን ደቡብ ክፍል በነበረው ጦርነት መንደራቸው የጠፋባቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከነዚህም ብዙዎቹ በጋምቤላ፣ በፑኝዶ ተጠለሉ። በ1991 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲወድቅ እንደገና ተሰደዱ፤ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች አለቁ። የተረፉት በ1992 ኬንያ ደርሰው ካኩማ ሰፈሩ። ከነርሱ ከ3,000 በላይ የሚሆኑት በ2001 ገደማ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ፣ የተወለዱበትን ቀን የሚመሰክር ሰውም ወረቀትም ስላልነበረ ለብዙዎቹ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈላቸው። በሩዋንዳም ከ1994ቱ እልቂት በኋላ ከ100,000 በላይ ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው ተመዘገቡ። ስማቸውን መናገር ያልቻሉትን ሕፃናት ፎቶግራፍ እያነሡና እየለጠፉ ወላጅ ይፈልጉላቸው ነበር።

እኛ ካፖርትም ሻንጣም የለንም። ነገር ግን እናቶቻችን ክታብ ሰፍተው በልጅ አንገት ማሰር ያውቁበት ነበር። እኛም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የልጁን ስም እስከ አያቱ፣ የእናቱንና የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ወረዳ፣ በመጠለያው ያለንበትን ሰፈር፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም እርሱን እንጻፍ። በላስቲክ ጠቅልለን ከልብሱ በውስጥ በኩል እንስፋው፤ በውጭ ከታየ ክፉ ሰው አንብቦ ልጁን በስሙ እየጠራ ሊያታልለው ይችላልና። ሌላ ቅጂ እናት ትያዝ።

ቋጠሮው ውስጥ ውሃ፣ በሶ ወይም ብስኩት፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ሳሙና ይግባ። ልጁ ተሸክሞት እስከ ቧንቧው ሄዶ ይመለስ፤ ከከበደው ይቀነስለት። በየራሽን ቀኑ ፈትተን እንየው፤ በሶ ይነቅዛል፣ ልብስም ይጠባል። ከሁሉ በፊት ልጁ የእናቱን ስም እንደ ሀ ሁ በቃሉ ይወቅ።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ወረቀትና እርሳስ የሌለው፣ ወይም መጻፍ የማይችል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር ይምጣ። እኛ እንጽፍለታለን።