ተደራጊ ሐረጋዊ ግስ

በእንግሊዝኛ አንድ ግስና አንዲት ትንሽ ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግስ የሚያገለግሉበት አነጋገር ሐረጋዊ ግስ ይባላል። ተደራጊ ሲሆን ግሱ መልኩን ይለውጣል፤ ትንሿ ቃል ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። «ኮል ኦፍ» «ዎዝ ኮልድ ኦፍ» ይሆናል።

በእንግሊዝኛ «ዎዝ ኮልድ ኦፍ» የተባለለት ስብሰባ በአማርኛ «ተሰረዘ» ይባላል፤ ሦስቱ ቃላት በአንዱ ይጠቃለላሉ።

አማርኛ ተናጋሪውን የእንግሊዝኛ ተማሪ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። «ልጁ ተጠበቀ» ማለት የለመደ ሰው «ዘ ቻይልድ ዎዝ ሉክድ አፍተር» ማለት ሲገባው «ዘ ቻይልድ ዎዝ ሉክድ» ብሎ ያቆማል። «አፍተር» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ ስሕተት ይመስለዋል፤ ስትጣል ግን ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

እንዲህ ላለው ተማሪ ከራሱ ቋንቋ መነሣት ይበጃል። የታክሲ ተሳፋሪ «ታሪፉ ከፍ ተደረገ» ሲል «ተ»ን የሚቀበለው «አደረገ» ብቻ ነው፤ «ከፍ» እንደ «ኦፍ» ሳትለወጥ ትቆያለች። ከሁሉ የሚደንቀው «ችላ አለ» ነው፤ ተደራጊው «ችላ ተባለ» ነው። በ«አለ» ውስጥ የማትታየው «በ» በ«በል»፣ በ«ብሎ»ና በ«ተባለ» ብቅ ትላለች፤ የግዕዙ «ብህለ» ቅሪት ናት።