የጌም ሌቭል ዲዛይንና ሞዴሊንግ ሶፍትዌር መረጣ

ሌቭል ዲዛይን ተጫዋቹ የሚንቀሳቀስበትን ስፍራ መንደፍ ነው፤ ሞዴሊንግ በስፍራው ያሉትን ነገሮች በሦስት አውታር መቅረጽ ነው። ለመጀመሪያው ጌም ኢንጂን (ጌሙ የሚገነባበትና የሚሠራበት ፕሮግራም)፣ ለሁለተኛው የሞዴሊንግ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሞዴሊንግ

ለጀማሪ በአብዛኛው የሚመከረው ብሌንደር ነው። የፈጣሪው የኔዘርላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል ኩባንያ በ2002 (እዚህ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲዘጋ፣ ባለሀብቶቹ የፕሮግራሙን ኮድ ለመልቀቅ 100,000 ዩሮ ጠየቁ። ተጠቃሚዎች ገንዘቡን በሰባት ሳምንት ገደማ አዋጡ፤ ብሌንደርም በዚያው ዓመት ነፃ ሶፍትዌር ሆነ። በዚህ የተነሳ ዛሬ አዲስ ከተማ ያለ ተማሪ ያለ ውጭ ምንዛሪ ያገኘዋል፤ በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛው ቢሰጥም ሕግ አይጥስም። ሌላው የሞዴሊንግ ፕሮግራም ማያ ለተማሪዎች በነፃ ቢሰጥም ተማሪነትን ማስመስከርና ፈቃዱን በየዓመቱ ማደስ ይጠይቃል።

ኢንጂን

አንሪል ከ2015 ጀምሮ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙ ጊጋባይትና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ዩኒቲ በ2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ በ2024 ሰርዞታል። በአርጀንቲናውያን የተጀመረውና በ2014 ኮዱ ክፍት የሆነው ጎዶት መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ለአሮጌ ላፕቶፕና ለውድ ኢንተርኔት ይስማማል።

መርካቶ እንደ መለማመጃ

የከተማ ዕቅድ ባለሙያው ኬቨን ሊንች በ1960 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ከተማን በአምስት ነገሮች እንደሚያስታውሱ ጽፏል፦ በመንገድ፣ በወሰን፣ በሰፈር፣ በመገናኛና በጉልህ ምልክት። አንዳንድ ሌቭል ዲዛይነሮችም በዚህ ይመራሉ። ለዚህ ጥሩ መለማመጃ የአዲስ አበባው ገበያ መርካቶ ነው። አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሲዛወር ነው። ተራዎቹ እንደ ሰፈር ያገለግላሉ፤ ምናለሽ ተራ ገና ሳይታይ በብረት ቅጥቀጣው ድምፅ ይለያል። በጠባብ መተላለፊያ ለጠፋ ሰው አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ይሰጣሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ ያለ ቀለምና ያለ ጌጥ፣ ጎዶት ውስጥ ባሉት ተራ ሳጥኖች ብቻ ቢያቆም፣ ተጫዋች መንገዱን ማግኘት አለማግኘቱን ቶሎ ያያል። የሱቆቹን ዝርዝር ብሌንደር ላይ መቅረጽ ከዚያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ የተገላቢጦሹ ብዙ ድካም ያባክናል።

ፊደል

በጌሙ ውስጥ አማርኛ ለመጻፍ የሚያስፈልገው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። የኢንጂኖቹ መነሻ ፎንት ግን ፊደሉን ላይዝ ስለሚችል፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት አብሮ መጫን ያስፈልጋል።