ባሮ ሞልቶ ሲጎድል

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የአንድ ዓመት ወሬ ላውጋችሁ፤ በ1948 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1949 መባቻ ያለቀ የጋምቤላ ዓመት ነው።

የነገሩ ሥር ግን ራቅ ይላል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ሲዋዋሉ፣ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። በውሉም ውስጥ አንዲት ሐረግ ገባች፦ ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው የምትል። ያቺን ሐረግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ገብቶ የደጋው ዝናብ ባሮን ሲሞላው፣ መርከቦች ከካርቱም ይነሱና፣ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይወጡና፣ ወደ ሶባት ይታጠፉና፣ ከሶባት ባሮ ገብተው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከወዲህም የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ተነስቶ፣ ቡሬን አልፎ፣ ከብርዱ ወደ ሐሩሩ ይወርዳል። ደገኛው ነጋዴ ወባዋን እየፈራ ይወርድና፣ ጆንያውን ያራግፍና፣ ላቡን በጋቢው ጫፍ ይጠርግና፣ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያጨቀይበት ዳገቱን ይያያዘዋል።

አኙዋክ ግን ከውሉም ከመርከቡም በፊት እዚያው ነበር፤ ወንዙን ኦፔኖ እያለ፣ ዳር ዳሩን በቆሎና ማሽላ እየዘራ፣ ዓሣ እያጠመደ። ኪራዩ ሲጻፍ የባለወንዙ ስም አልተጻፈም።

ዘመን ነጎደ። ጣልያን መጣ፤ ቆይቶም በ1933 ዓ.ም. በጦር ተባረረ፤ ጣቢያውም ወደ ሱዳን አስተዳደር ተመለሰ። ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ወጣች። ወሩ በጋ ነበርና ባሮ ጎድሎ፣ አሸዋው ወጥቶ፣ የመርከብ መንገድ ተዘግቶ ነበር። በሉ አሁን ያቺን ሐረግ አውጧት፤ የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ሲያበቃ የኪራዩም ዕድሜ አበቃ። በጋው አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ባሮ እንደገና ሞላ፣ መስከረም ጠባ፣ ውሃውም መጉደል ሲጀምር፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ጣልያንን ለማስወጣት ደም ፈሶ ነበር፤ ለዚህኛው መመለስ ግን ከ54 ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተጻፈች አንዲት ሐረግ በቃች። የአያቶቻችን ውል ከመሣሪያ የበለጠ ሥራ የሠራበት ዓመት ነውና ልንኮራበት ይገባል።

ዛሬ ጋምቤላ የክልል ዋና ከተማ ናት፤ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ደገኛው ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያን ዓመት ስታወሱ የፈረሙትን አመስግኑ፣ ስሙ ሳይጻፍ የቀረውንም አትርሱ። እግራችሁ ከወንዙ ዳር ሲደርስም ባሮ ከማለታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ኦፔኖ በሉት።