ከቤይሩት እስከ ኢስታንቡል፦ የፍጥረት ሙግት በሙስሊሞች መካከል ያለፈበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ በፈረንሳይ የሚገኙ በርካታ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ያላዘዙት ጥቅል ከቱርክ ደረሳቸው። በውስጡ የነበረው «የፍጥረት አትላስ» የተሰኘ፣ ስምንት መቶ ገጽ ገደማ ያለውና ከአምስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ባለ ቀለም መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሃሩን ያሕያ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አድናን ኦክታር ነበር። የመጽሐፉ ሙግት ቀላል ነው። የሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ያለውን ቅሪተ አካል በአንድ ወገን፣ ዛሬ በሕይወት ያለ አምሳያውን በሌላ ወገን አስቀምጦ፣ በሁለቱ መካከል ለውጥ ስለማይታይ ዝግመተ ለውጥ የሚባል ነገር የለም ይላል። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት መጽሐፉን ሲመረምሩ ብዙ ስሕተት አገኙበት። ከሁሉ የታወቀው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዶኪንስ ያሳየው ነው፤ በሕይወት እንዳሉ ነፍሳት ተደርገው ከቀረቡት መካከል ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ሰው ሠራሽ ማባበያ ይገኝ ነበር። የብረት መንጠቆው ሳይቀር በፎቶግራፉ ላይ ይታያል።

ይህን የማነሣው ከሩቅ ሆኜ ለመፍረድ አይደለም። በአንድ መድረሳ በማስተምርበት ወጣትነቴ ከዚሁ ደራሲ መጻሕፍት ሥዕል እየቀዳሁ ለደረሶቼ አሳይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ሕይወት ያጠና አንድ ደረሳዬ ከዓመታት በኋላ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አትላሱን ከፊቴ ገልጦ፣ አንዳች ቃል ሳይናገር ጣቱን መንጠቆው ላይ አሳረፈ። እንዲህ ያለው ማስረጃ በእስልምና ስም እጄ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ነው የጀመረኝ። መልሱን ለማግኘት መቶ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አስፈልጎኛል።

በዐረቡ ምሥራቅ በዳርዊን ምክንያት በአደባባይ ከተነሡት ጠቦች የመጀመሪያው ትልቅ ጠብ ሙስሊሞችን ከማንም ጋር ያጋጨ አልነበረም። በጁላይ 1882 በቤይሩት የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ፣ ኋላ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም፣ የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ መምህሩ ኤድዊን ሉዊስ በምረቃ በዓል ላይ በዐረብኛ ንግግር አደረጉ። በዕውቀትና በጥበብ ልዩነት ላይ ያተኮረ ንግግር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የሞተውን ዳርዊንን የታጋሽ ተመራማሪ ምሳሌ አድርገው ጠቀሱት። ሉዊስ አማኝ ክርስቲያን ነበሩ፤ ከሃይማኖታቸው የሚያወጣ ነገር የተናገሩ አልመሰላቸውም። የኮሌጁ የበላይ ባለአደራዎች ግን ተቆጡ፤ መምህሩም ከሥራቸው ለቀቁ። የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ተቃወሙ፤ አንጋፋው መምህር ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክም በሉዊስ ላይ የደረሰውን ተቃውመው ወጡ። ንግግሩን ያተመው «አልሙቅተጠፍ» መጽሔት ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ያዕቁብ ሰርሩፍና ፋሪስ ኒምር ከጥቂት ዓመት በኋላ መጽሔታቸውን ይዘው ወደ ካይሮ ተሻገሩ። ስለዚህ ብዙው የዐረብ አንባቢ ዳርዊንን የተዋወቀው በፕሮቴስታንቶች የእርስ በርስ ጠብ መስኮት በኩል ነው ማለት ይቻላል።

የሙስሊም ጸሐፊዎች መልስ በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው የጀማሉዲን አልአፍጋኒ መንገድ ነው። በሕንድ ሳሉ በፋርስኛ የጻፉትና ሙሐመድ ዐብዱህ በ1886 ወደ ዐረብኛ የመለሱት የዳህሪያዎች ማስተባበያ ዳርዊንን ያላግጥበታል፤ በዘመናት ርዝመት ቁንጫ ዝሆን ሊሆን ነው እንዴ የሚል ዓይነት ፌዝ ይገኝበታል። የአፍጋኒ ዋና ዒላማ ፈጣሪን የሚክደው የቁስ አምላኪነት ፍልስፍና እንጂ የሥነ ሕይወት ምርምር አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ልንረዳቸው ይገባል። የሚተቹትን መጽሐፍ በጥንቃቄ እንዳላነበቡት ግን ከጽሑፋቸው ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ በእኛ ዘንድ ተረስቷል። የሊባኖሱ ጠራብሉስ ሰው ሸይኽ ሑሰይን አልጂስር በአልአዝሀር የተማሩ፣ የኸልወቲያ ጠሪቃ ሸይኽ ልጅ፣ የረሺድ ሪዳ መምህር ነበሩ። በ1888 በሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ስም ሰይመው ያሳተሙት «አርሪሳለቱል ሐሚዲያ» ከሱልጣኑ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ወደ ቱርክኛም ተተርጉሟል። ሸይኹ በዚህ ድርሳን የተጠቀሙት እያንዳንዱ የዑሱል ደረሳ የሚያውቀውን ሚዛን ነው። የሙስሊም እምነት መሠረት ሁሉን የፈጠረው አላህ መሆኑ ነው። ዝርያዎችን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ፈጥሯቸው ቢሆን ወይም አንዱን ከአንዱ በዝግታ አውጥቷቸው ቢሆን፣ ሁለቱም ለችሎታው እኩል ናቸው። የመልእክቱ ግልጽ ትርጉም፣ ማለትም ዛሂሩ፣ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ ከዛሂሩ የሚወጣው ደግሞ ቀጥዒ የሆነ የአእምሮ ማስረጃ ሲቃወመው ብቻ ነው። የዳርዊን ተከታዮች ያቀረቡት በሸይኹ ዘመን ሚዛን ዘኒ ነበር። ቀጥዒ ማስረጃ በመጣ ጊዜ ግን የተእዊል በር ክፍት ነው፤ በእምነት ላይም የሚደርስ ጉዳት የለም።

ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ እርጋታው ነው። ሸይኹ ዝግመተ ለውጥን አልተቀበሉም፤ ነገር ግን እምነታቸውን በማስተባበሉ ላይ አልገነቡትም። የተመራማሪው ሥራ ነገ ምን ይዞ ቢመጣ፣ ድርሳናቸው የሚፈርስበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ወደ ቱርክ ስንሻገር ሌላ ዓለም ውስጥ እንገባለን። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በትምህርት ሚኒስትሩ በቬህቢ ዲንቸርለር ዘመን፣ የሚኒስቴሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ይገኝ ከነበረው የፍጥረት ምርምር ተቋም ጋር ግንኙነት ጀመሩ። ተቋሙ የፕሮቴስታንቱ መሐንዲስ ሄንሪ ሞሪስ የመሠረተው ነው። ሞሪስ ኦሪት ዘፍጥረትን እንደ ሳይንስ ሰነድ የሚያነብ፣ የምድርን ዕድሜ በጥቂት ሺህ ዓመታት የሚቈጥርና የአለት ንብርብሮችን ሁሉ በኖኅ ዘመን ጎርፍ የሚያብራራ ሰው ነበር። የእርሱ መጽሐፍ በቱርክኛ ተተርጉሞ ለመምህራን ታደለ፤ በ1985ም የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ የፍጥረት ሙግት ገባ። በ1990ዎቹ የኦክታር ሰዎች ያቋቋሙት የሳይንስ ምርምር መሠረት በኢስታንቡል ጉባኤ ሲጠራ፣ ከተጋበዙት ተናጋሪዎች አንዱ የዚያው ተቋም ዝነኛ ተከራካሪ ዱዌን ጊሽ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጥቂት እንዲቆይ እለምናለሁ። ቁርኣን የምድርን ዕድሜ አይቈጥርም፤ በጌታችን ዘንድ ያለ ቀንም እኛ እንደምንቈጥረው እንዳልሆነ ያስታውቀናል። ስለሆነም የቱርክ ተሟጋቾች የሞሪስን የጥቂት ሺህ ዓመት ምድርና የጎርፍ ጂኦሎጂ ጣሉት። የተቀረውን፣ ማለትም የመሸጋገሪያ ቅሪተ አካል የለም የሚለውን፣ የዕድል ስሌቱን፣ ዳርዊን የፋሺዝምና የኮሙኒዝም አባት ነው የሚለውን ክስ፣ እንዳለ ወሰዱት። ኦክታር ራሱ የሚሊዮን ዓመታትን ዕድሜ ይቀበላል፤ የአትላሱ ሙግት የቆመው በዚያ ላይ ነው። ሞሪስን ዝግመተ ለውጥ እንዲክድ ያስገደደው የኦሪት አቈጣጠሩ ነበር። እኛ ምክንያቱን ትተን ድምዳሜውን ተበደርን። በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አያዎች ስለተጨመሩበትም ከራሳችን ቤት የወጣ መሰለን።

የቱርክ ሳይንቲስቶችም ዝም አላሉም። በአንካራው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ የነበሩት አይኩት ኬንጀ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ እስከ 2014 ድረስ፣ በዚህ ጉዳይ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ የቱርክ የሳይንስ አካዳሚም በ1998 መግለጫ አወጣ። የደረሰባቸው መልስ ሳይንሳዊ አልነበረም። ስማቸውን የሚያጠፉ በራሪ ወረቀቶች ተበተኑባቸው፤ ጥቂቶቹም ፍርድ ቤት ሄደው ተፈረደላቸው። በ2008 አንድ የኢስታንቡል ፍርድ ቤት በኦክታር አቤቱታ የዶኪንስን ድረ ገጽ በቱርክ አዘጋ። ዳርዊን የተወለደበት ሁለት መቶኛ ዓመት በታሰበበት በማርች 2009 ደግሞ የመንግሥቱ የሳይንስ ምክር ቤት መጽሔት ለሽፋኑ ያዘጋጀው የዳርዊን ጽሑፍ በመጨረሻው ሰዓት ተነሣ፤ አዘጋጇ ቺዴም አታኩማንም ከኃላፊነታቸው ተወገዱ። በ2017 የትምህርት ሚኒስቴሩ ዝግመተ ለውጥ ለተማሪዎቹ ዕድሜ ከባድና አከራካሪ ነው በማለት ከሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት አወጣው።

በአውሮፓ በኩልም ነገሩ ያለ ጥፋት አልቀረም። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በኦክቶበር 2007 በ48 ለ25 ድምፅ ባጸደቀው ውሳኔ፣ የፍጥረት አስተምህሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንዳይሰጥ አሳሰበ። የውሳኔው ፍሬ ሐሳብ በእኔ አስተያየት ትክክል ነው፤ በዘመኑ ክርክር ግን የሳይንስ ጠበቃ ነኝ የሚለው ሁሉ ሳይንስን ብቻ አልተናገረም። ከመንጠቆው ተነሥቶ ፈጣሪ የለም ወደሚል የሚዘል ሰው ከማስረጃው በላይ ተናግሯል። አልጂስር ድርሳናቸውን የጻፉት ለዚህኛው ዝላይም መልስ ለመስጠት ነበር።

የኦክታር ፍጻሜ ይታወቃል። በጁላይ 2018 ተያዘ፤ በ2021 መጀመሪያ በወሲባዊ ጥቃትና የወንጀል ቡድን በመምራት በሌሎችም ክሶች ከሺህ ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት፤ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ2022 ቅጣቱ ከስምንት ሺህ ዓመት በላይ ሆነ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሰምተው መጻሕፍቱን ከመደርደሪያቸው አወረዱ። ምክንያታቸው አያጠግበኝም። የሰው ኃጢአት ሙግቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ደራሲው ጻድቅ ቢሆንም ኖሮ መንጠቆው መንጠቆ ነበር።

ሑጀቱል ኢስላም ኢማም አልገዛሊ በ«ተሃፉት» መግቢያ የፀሐይና የጨረቃን ግርዶሽ ምሳሌ አንሥተዋል። ግርዶሹ በስሌት የተረጋገጠ ነው፤ ይህን መካድ ለዲን መቆም የመሰለው ሰው ዲኑን ይጎዳል፤ ስሌቱን የሚያውቅ ሰው የሚጠራጠረው በስሌቱ ሳይሆን በሸሪዓው ይሆናልና። ዲንን ባልተገባ መንገድ የሚከላከል ወዳጅ የሚያደርሰው ጉዳት በግልጽ ከሚወጋው ጠላት ይብሳል ይላሉ። ከአልገዛሊ እስከ አልጂስር የተዘረጋው መንገድ አንድ ነው፤ ከካሊፎርኒያ በኢስታንቡል በኩል የደረሰን ሌላ ነው።

በእኛ አገር ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድንቅነሽ በ1974 የተገኘችው በሐዳር፣ በሙስሊሞቹ አፋሮች ምድር ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የኦክታር መጻሕፍት እርሷንና ወገኖቿን ከጠፋ የዝንጀሮ ዝርያ በላይ አይቈጥሯቸውም። አንድ የአፋር ደረሳዬ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ፣ «ኡስታዝ፣ የአጥንቷን ዕድሜ ያመነ ሰው ከኢማን ይወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። የአጥንት ዕድሜ የዓቂዳ ጉዳይ እንዳልሆነ ነገርኩት። በአባታችን አደም አፈጣጠር ላይ መልእክቱ ያለውን እንደምይዝ፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ዝምድና ግን በአልጂስር ዘመን እንደነበረው ዘኒ ብቻ ነው ለማለት ከእንግዲህ እንደምቸገር አልደበቅሁትም። ከአደም በፊት በምድር ላይ ስለነበረው የማላውቀውን ጠየቀኝ፤ አላሁ አዕለም አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ ዕድሜው የሚለካው በምን እንደሆነ ጠየቀ። በአጥንቱ ላይና ታች በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ካለው የአርጎን ጋዝ እንደሆነ ነገርኩት፤ ስሌቱን ግን ያ መንጠቆውን ያሳየኝ ደረሳዬ ይሻላል ብዬ፣ ዛሬ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ላክሁት።