ሜላትና የባሕር ቀንድ አውጣ

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ አረርቲ ገበያ ወርደው ሐምራዊ ጥለት ያለው ነጠላ ቢመለከቱ፣ ስለ ቀለሙ ብቻ ዋጋው ይከብዳል ብለው አይሠጉም። በጥንት ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በግዕዝ ሜላት የሚባለው ሐምራዊ ልብስ የነገሥታት ክብር ምልክት ነበረ፤ በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰችው ልድያም የዚሁ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች።

የቀለሙ ምንጭ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ ማዕበል በማይበረታበት ጭቃማ ዳርቻ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ይህ ፍጥረት አዳኝ ነው፤ እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሱ የሌላውን ዛጎል ፍቆ ይበሳና ሥጋውን ይበላል። ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ግን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል።

የጢሮስና የሲዶና ሰዎች ይህን ዐውቀው ነገዱበት። ሥራው ሽታው የከፋ፣ ድካሙም የበዛ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ንጹሕ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነው፤ ይኸውም የምንጃር ገበሬ በጣቶቹ የሚቆነጥረውን ጤፍ ያህል ነው። በ301 ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ባወጣው የዋጋ ዐዋጅ አንድ የሮማ ፓውንድ ሐምራዊ ሐር 150,000 ዲናር መባሉ ስለዚህ ነው።

በ1856 ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ሐምራዊ ቀለም ሠራ፤ የነገሥታቱም ቀለም ቀስ በቀስ ለሁሉ ደረሰ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ታሪክ የለባሹን ስም ጻፈ፤ በዚያ ሽታ ውስጥ የደከመውን ግን አልጻፈም። እኛም በመሥሪያ ቤታችን ፊርማችንን ስናኖር፣ ከወረቀቱ ኋላ የስንት ሰው ድካም እንዳለ ማሰብ ይገባናል።